የማኅሌት አገልጋይ ክብሩና እንጀራው

ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ የሚቆየው ወርኃ ጽጌ በመርሳና በሀብሩ ዙሪያ ለሚኖረው ገበሬ የወፍ ጥበቃ ወራት ነው። ማሽላው አሽቷል፤ ወፉ በመንጋ ይወርድበታል፤ ጠባቂው ገና ጎሕ ሲቀድ ከማማው ላይ ወጥቶ ወንጭፉን ካላስጮኸ የዓመቱ ልፋት በጥቂት ቀን ውስጥ ራሱ የተራገፈ አገዳ ሆኖ ይቀራል። በእነዚሁ ሳምንታት ደግሞ በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ እስከ እሑድ ንጋት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ከበሮ የሚመታው፣ ጸናጽል የሚያነሣው፣ ዜማውን የሚመራው ሰው ሌሊቱን ሙሉ በመቋሚያው ተደግፎ ያድራል። ሲነጋ ወደ ማሳው መሄድ አለበት፤ ምክንያቱም ያ ሰው በገጠሩ አጥቢያ ከጎረቤቱ የማይለይ ገበሬ ነው። ማሳውን የሚጠብቅለት ልጅ ወይም ወንድም የሌለው እንደ ሆነ ከሁለቱ አንዱን መተው ግድ ይሆንበታል።

ነገሩ ለሰሚው ቀላል ይመስላል፤ የአንድ ሌሊት እንቅልፍና የአንድ ማሳ ማሽላ ጉዳይ ነውና። ነገር ግን ጠልቀን የተመለከትነው እንደ ሆነ ከዚህ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይወጣል፤ ይኸውም በእግዚአብሔር ቤት የሚዘምር ሰው በሕዝብ መካከል ያለው ስፍራ ምንድር ነው? የሚል ነው። ክብሩን የሚሰጠው ማን ነው? እንጀራውንስ? ብዙ ጊዜ ክብርና እንጀራ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ይመስለናል። ታሪክ የሚያሳየን ግን ሁለቱ በየመንገዳቸው እንደሚሄዱ፣ አልፎ አልፎም እንደሚጣሉ ነው። ይህንንም ለመረዳት መጽሐፍ ቅዱስን፣ ከዚያም የሩቅ አገር ሕዝቦችን፣ በመጨረሻም የራሳችንን አገር መመልከት ያስፈልጋል።

ንጉሥ ዳዊት የአሳፍን፣ የኤማንንና የኤዶታምን ልጆች በዜማ ለማገልገል ለየ፤ በመዝሙር የተማሩትም ቁጥራቸው 288 እንደ ነበረ በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ተጽፏል። በዚያን ጊዜ ንጉሡም ቤተ መቅደሱም የአንድ ሕዝብ ነበሩ፤ ስለዚህ የመዘምሩ ስፍራ አላጠያየቀም። ጥያቄው የመጣው ሕዝቡ ከምርኮ ተመልሶ በፋርስ ንጉሥ ግዛት ሥር በተቀመጠ ጊዜ ነው። ጌታው ባዕድ ነው፤ ግብሩ የሚሄደው ወደ ሩቅ ከተማ ነው። እንደዚህም ሆኖ ንጉሡ አርጤክስስ ለዕዝራ በሰጠው ደብዳቤ በካህናቱ፣ በሌዋውያኑና በመዘምራኑ ላይ ግብርና ቀረጥ እንዳይጣል አዘዘ (ዕዝራ 7፥24)። ለመዘምራኑም በየቀኑ የሚሰጥ የተወሰነ ድርጎ እንዲኖር የንጉሥ ትእዛዝ እንደ ነበረ በመጽሐፈ ነህምያ እናገኛለን (11፥23)። ባዕድ ንጉሥ የባላገሩን ዘማሪ ከግብር ነጻ ያወጣው ስለ ምን ነው? ለእግዚአብሔር ቤት ፍርሃት ስላደረበት መሆኑን ደብዳቤው ራሱ ይናገራል። ጸሎትና ዝማሬ ባለበት አገር ሕዝብ ጸጥ ብሎ እንደሚኖርም የሚያውቅ ይመስለናል።

ኋላ ግን ነህምያ ወደ ንጉሡ ሄዶ ሲመለስ ያልጠበቀውን ነገር አገኘ። ለሌዋውያኑ የሚገባው ድርሻ ሳይሰጣቸው ቀርቶ ነበርና አገልጋዮቹና መዘምራኑ እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሸሽተው ነበር (13፥10)። ይህ ቃል ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ ያለፈው ሲሆን በሀብሩ ማሽላ መካከል ቆሞ ለሚያነብበው ሰው ትናንት የተጻፈ ይመስለዋል። የንጉሡ ነጻነት በወረቀት ላይ እንዳለ ነበር፤ የመዘምሩም ማዕረግ አልተሻረም፤ የጎደለው ድርሻው ብቻ ነው።

የአርጤክስስ ሥርዓት ከብዙ ዘመን በኋላ በሌላው የምድር ክፍል እንደ ገና ታየ። የእስፓኝ ሰዎች ሜክሲኮን በያዙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1523፣ ፔድሮ ደ ጋንቴ የሚባል የፍራንሲስካውያን ማኅበር ወንድም ወደዚያ አገር ገብቶ የአገሩን ተወላጆች ልጆች ንባብና ዜማ ያስተምር ጀመር። (ይህ ሰው ራሱ ክህነት ያልተቀበለና ለመቀበልም ያልፈለገ ነበር፤ ዜማ ከክህነት ውጭ እንደሚቆም እርሱም ምስክር ነው።) ልጆቹ ፈጥነው ተማሩ፤ ዘምረው ብቻ ሳይቀሩ የዜማውን መሣሪያ ሁሉ በእጃቸው ሠሩ። ብዙ ሳይቆይ በየመንደሩ የመዘምራን ማኅበር ተቋቋመ። ለምን ይህን ያህል በዛ ብንል መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው ሕዝቡ ቀድሞም በአምልኮቱ ውስጥ ዜማን የሚያከብር መሆኑ ነው። ሁለተኛው ግን የእንጀራ ነገር ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ከግብርና ከግዳጅ ሥራ ይድን ነበርና። በማዕድን ጉድጓድና በጌታ እርሻ ላይ ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ገዢዎቹ ይህን ባዩ ጊዜ ደነገጡ። በ1555 በሜክሲኮ የተሰበሰበው የጳጳሳት ጉባኤ የዘማሪውና የመሣሪያው ብዛት ልክ እንዲኖረው ወሰነ፤ በ1561ም ዳግማዊ ፊልጶስ ቁጥራቸው እንዲቀነስ አዘዘ። በመጨረሻ ሣልሳዊ ፊልጶስ በ1618 ባወጣው ሕግ፣ ከ100 የሚበልጡ ተወላጆች በሚኖሩበት መንደር ሁለት ወይም ሦስት ዘማሪዎች፣ በየሰፈራውም አንድ የዕቃ ጠባቂ እንዲኖር፣ እነርሱም ከግብርና ከግዳጅ ሥራ ነጻ እንዲሆኑ ደነገገ። እንግዲህ የዘማሪው ክብር በቁጥር ተለካ ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን ያው የ1555 ጉባኤ የአገሩ ተወላጆች ክህነት እንዳይቀበሉ መከልከሉ ነው። ስለዚህ ለተወላጁ ዘማሪነት የመወጣጫው መጨረሻ ሆነ፤ ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ ሁሉ የባሕር ማዶ ሰው ነበር። ካህኑ በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ በሚልባቸው ሩቅ መንደሮች ሕዝቡን የሚያስተምረው፣ ሙታንን የሚሸኘው፣ ደብዳቤ የሚጽፈው ይኸው ዘማሪ ነበር፤ ሥራው የካህን፣ ስሙ የዘማሪ።

በ1631 በፔሩ አገር በሊማ ከተማ በታተመ የሥርዓት መጽሐፍ ውስጥ በአገሩ ሕዝብ በኬቿ ቋንቋ የተደረሰ በአራት ድምፅ የሚዘመር የእመቤታችን መዝሙር ይገኛል። በአዲሱ ዓለም ከታተሙት ባለ ብዙ ድምፅ ዜማዎች የመጀመሪያው መሆኑ ይነገርለታል። መጽሐፉን ያሳተሙት ካህን ስም በግልጽ ተጽፏል፤ የዜማው ደራሲ ስም ግን የለም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ ከአምስቱ የጠላት ዓመታት በቀር በቅኝ ግዛት ሥር አልወደቀችምና ነገሩን ከሜክሲኮ ጋር አንድ ማድረግ ስሕተት ነው። ሆኖም አንድ የሚመሳሰል ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ ለ1,600 ዓመት ገደማ የቤተ ክርስቲያናችን ጳጳስ ከእስክንድርያ የሚመጣ ግብፃዊ ነበር፤ ኢትዮጵያዊ ጵጵስና እንዳይቀበል የሚከለክል ቀኖናም ይጠቀስ ነበር። አቡኑ ቄስና ዲያቆን ይሾማል፣ ታቦት ይባርካል፤ የሕዝቡን ቋንቋ ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ዜማው፣ ቅኔውና ትርጓሜው በማን እጅ ነበር? በአገሩ ሰው እጅ ነበር። የመንበሩ ቁልፍ በእስክንድርያ ሲሆን የማኅሌቱ ቁልፍ በዋድላ፣ በጎንደር፣ በጋይንት ቤተልሔምና በዙር አባ ነበር። የደብተራው ክብር ሥሩ እዚህ ላይ ነው ብንል አንሳሳትም፤ ያለ አቡን የኖረ ዘመን በአገራችን ታሪክ ብዙ ጊዜ ታይቷል፤ ያለ ማኅሌት ያለፈ በዓል ግን አይታሰብም።

የዚህም መጀመሪያ ቅዱስ ያሬድ ነው። በ6ኛው ምእት ዓመት በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉት ሦስት የዜማ ስልቶች ድርሰቱን እንዳደራጀ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ መታሰቢያውም ግንቦት 11 ቀን ነው። በታሪኩ ውስጥ ለዚህ ጥናት የሚስማማ አንድ ነገር አለ። ያሬድ በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የጦሩን ጫፍ በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ደሙም ፈሰሰ፤ ዘማሪው ዝማሬውን እስኪፈጽም ድረስ ሁለቱም አላወቁም። ንጉሡ ባወቀ ጊዜ ደንግጦ ስለ ደሙ ዋጋ የወደደውን እንዲለምን ነገረው። መሬት፣ ወርቅ ወይም ሹመት ይለምናል ተብሎ የሚጠበቅ ነበር። ያሬድ የለመነው ግን ከቤተ መንግሥቱ ተሰናብቶ ወደ ሰሜን ተራራ ለመመንኮስ እንዲሄድ እንዲፈቀድለት ነው። ይህን ታሪክ ሁልጊዜ የምንሰማው ስለ ተመስጦው ነው። ያሬድ ግን ከንጉሥ የሚገኝ እንጀራ ምን እንደሚያስከፍል ያወቀ ይመስላል፤ ጦሩ በእግሩ ላይ ተተክሎ ነበርና።

ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሁሉ እንደ እርሱ አልተሰናበቱም። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1533–1551 ዓ.ም.)፣ በአሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት ብዙ መጻሕፍትና ሊቃውንት ከጠፉ በኋላ፣ ዜማው እንዳይረሳ የድጓውን ምልክት የሠሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሆኑ ሊቃውንቱ ይተርካሉ፤ ታሪካቸውም በወሎ በአምሐራ ሳይንት ካለችው ከተድባበ ማርያም ጋር የተያያዘ ነው። «አዛዥ» የቤተ መንግሥት ማዕረግ መሆኑን ልብ እንበል። ሁለቱ ሰዎች በዜማ ምክንያት ከመንግሥት ሹማምንት ጋር ተቆጥረዋል። በሊማው መጽሐፍ ስሙ ያልተጻፈውን ሰውና እነዚህን ሁለቱን ባወዳደርን ጊዜ በአገሩ ያለ ዘማሪና በባዕድ ሥር ያለ ዘማሪ ምን ያህል እንደሚለያዩ እናያለን።

ከወልድያ ወደ ምዕራብ ሽቅብ የወጣ ሰው ወደ ዋድላና ወደ ደላንታ ደጋ ይደርሳል። ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ አገር ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ በእመቤታችን ስም እየለመነ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ የሚማር የቆሎ ተማሪ ከየጁ ቆላ ወደዚያ ደጋ ይወጣ ነበር። በየቤቱ ደጅ ከለማኝ የማይለየው ይህ ልጅ ድጓውን፣ ዝማሬና መዋሥዕቱን፣ አቋቋሙንና ቅኔውን ጨርሶ ሲመለስ ያው ቤት ከምሰሶው አጠገብ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ያለ የማዕረግ ለውጥ የሚያስገኝ ሌላ መንገድ ለድኻ ልጅ በዚያ ዘመን ከጦር ሜዳ በቀር አልነበረም። በጦር ሜዳ ደግሞ መሞት አለ።

ቢሆንም ይህ ክብር ሙሉ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያናችን በሦስት ክፍል የታነጸች መሆንዋን ሁሉም ያውቃል፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ። ቄሱና ዲያቆኑ በመቅደስ ያገለግላሉ፤ ደብተራው ስፍራው በቅኔ ማኅሌት ነው፤ ይኸውም ከውጭ ሲገቡ በመጀመሪያ የሚገኘው ክፍል ነው። ቀኝ ጌታው በቀኝ፣ ግራ ጌታው በግራ፣ መሪ ጌታው በመካከል ሆኖ የሚቆሙት በሕዝብና በመቅደስ መካከል ነው። በዕውቀት ብዙ ጊዜ ከቄሱ ይበልጣል፤ ለመቅደስ ግን ቄሱ ይቀርባል። ከድቁና በላይ ክህነት ሳይቀበል ስለሚኖር ካህን ነው ለማለት የሚያቅማማ አለ፤ ሕዝባዊ ነው ለማለትም የሚደፍር የለም።

በዓለማዊው ወገን ደግሞ አዝማሪ አለ። «መዝሙር»፣ «መዘምር» እና «አዝማሪ» ከአንዱ «ዘመረ» ከሚለው ግስ የወጡ መሆናቸው ይታወቃል። ግሱ አንድ ሲሆን ዕጣው ሁለት ሆነ። መሰንቆ የያዘው በሰርግ ቤት ከበር አጠገብ ተቀምጦ ሲንቁት፣ ጸናጽል የያዘው ከላይ ተቀመጠ። ወሎ ግን በዚህ ነገር ትንሽ ለየት ትላለች፤ ከአገሪቱ የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ አገር ነው። በየጁም ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መንደር ስለሚኖሩ በአንዱ ቤት ማኅሌት፣ በሌላው መንዙማ ይሰማል። የመንዙማው ባለሙያም ቢሆን ድምፁ የሚወደድለት፣ ኑሮው ግን ብዙ ጊዜ በሰው መልካም ፈቃድ የቆመ ሰው ነው።

የደብተራው እንጀራ መሬት ነበር። ለደብሩ የተሰጠው መሬት በቄስ፣ በዲያቆንና በደብተራ ድርሻ ይከፈላል፤ ስሙ እንደየአገሩ ይለያያል፤ በአንዱ ሪም፣ በሌላው ሰሞን ይባላል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ መሬቱን የሚበላ ያገለግላል፤ ያላገለገለ ይለቃል። ነገር ግን ሕግ ባለበት ሁሉ መሸሻ አይጠፋም። በተለይ በጎንደርና በጎጃም ባለው የመሬት መዝገብ እንደሚታየው፣ ዜማ የማያውቅ መኳንንትና ወይዘሮ በግዢና በውርስ የደብተራውን መሬት ይይዙና በእነርሱ ፈንታ ማኅሌት የሚቆም ድኻ ደብተራ በጥቂት ድርጎ ይቀጥሩ ነበር። እንግዲህ ጌታው መሬቱን ሲበላ ድኻው ሌሊቱን ያድራል። ስለ ቤተ ክርስቲያን የቀድሞ ባለጠግነት ስንናገር ይህን መሸሸግ አይገባንም። ደግሞም መሬቱን የሚያርሰው ገባር ከሁለቱም በታች እንደ ነበረ መርሳት አይገባም።

አፄ ቴዎድሮስ (1847–1860 ዓ.ም.) የየጁን መሳፍንት ሥልጣን ሽረው በነገሡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፤ የተረፈው መሬት ግብር ለሚከፍል ይሰጥ ብለው ከካህናቱ ጋር ተጣሉ። በዚህ ቍጥር ውስጥ ደብተራ እንደሌለ አንባቢ ያስተውል። የእስፓኝ ንጉሥ እንኳ ሁለትና ሦስት ዘማሪ ተወ፤ የእኛ ንጉሥ ግን አንድም አልተዉም። የንጉሡ ምክንያት ከንቱ አልነበረም፤ ወታደር ማብላት ነበረባቸውና፤ ሰው ሳያገለግል መሬት መብላቱንም አይተዋል። ግን አላገለገለ የተባለው ቅጣት ባገለገለው ላይ ወደቀ። የሚገርመው፣ ስለ እኒሁ ንጉሥ በአማርኛ ታሪክ ከጻፉት የመጀመሪያው ደብተራ ዘነብ ናቸው፤ የጻፉትም በማመስገን ነው።

ሌላም ጥላ በደብተራው ስም ላይ አርፏል። ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ጥቂት በሆነበት አገር ብዕርና ቀለም የያዘ ሰው ሁሉ ይፈራል። አንዳንዱ ደብተራ ድርሻው ሲያንስበት ወይም ስግብግብነት ሲያድርበት አስማት እየደገመ፣ ክታብ እየጻፈ ይሸጥ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ይህን ታወግዛለች። ሕዝቡ ግን በቀን እያማው በሌሊት ይጠራው ነበር። ከዚህም የተነሣ «ደብተራ» የሚለው ድንኳንን ማለትም ደብተራ ኦሪትን የሚያመለክት ክቡር ስም በአንዳንዱ አፍ የጠንቋይ ስም ሆነ። በዚህ ሐሜት በደለኛውና ንጹሑ አልተለዩም።

ይህ አለመለየት ምን እንደሚያስከትል በጠላት ዘመን ታየ። የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በኋላ በየጁ በኩል አልፎ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ በመጋቢት ወር ግራዚያኒ ወደ ሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም በከተማውና በአካባቢው ያሉት ዘዋሪ ዘማሪዎች፣ ጠንቋዮችና አስማተኞች ሁሉ እንዲረሸኑ ማዘዙን አስታወቀ፤ እስከዚያ ቀንም 70 መገደላቸውን ቆጥሮ ጻፈ። ሰዎቹ እነማን እንደ ነበሩ ዝርዝሩ አይናገርም፤ አዝማሪ ይሁን፣ ባሕታዊ ይሁን፣ ክታብ ጸሐፊ ደብተራ ይሁን ለገዳዩ ልዩነት አልነበረውም። ለእርሱ በቃሉ ሕዝብን የሚያነሣሣ ሁሉ አንድ ነበር። ሕዝባችን በሐሜት የቀላቀለውን ጠላት በጥይት ቀላቀለው። ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ፤ ራሱ ግራዚያኒ የቆጠረው 297 መነኮሳት ነው፤ ከጥቂት ቀን በኋላ 129 ዲያቆናት ተከተሉ፤ በኋላ የመረመሩት ሰዎች እውነተኛው ቍጥር ከዚህ እጅግ የሚበልጥ መሆኑን አስረድተዋል። ከእነዚያ ዲያቆናት ጋር ስንት ድጓ በአፈር ውስጥ እንደ ተቀበረ ማን ይቈጥረዋል?

ጠላት ለጳጳሳቱ የያዘው መንገድ ሌላ ነበር። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት መካከል ያልታዘዙትን አቡነ ጴጥሮስን ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ አቡነ ሚካኤልን በ1929 ዓ.ም. በጎሬ ረሸናቸው። በኅዳር 1930 ዓ.ም. ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ ለይቻለሁ ብሎ ከአራቱ አንዱን አቡነ አብርሃምን ራስ አድርጎ ሾመ። ጵጵስና ሹመት ነውና ባዕድ ሊሰጠው ይሞክራል። መሪ ጌትነትን ግን ሊሰጥ የሚችል ባዕድ የለም፤ ድጓውን ያላወቀ ሰው ቢሾም የመጀመሪያው ሌሊት ያጋልጠዋል። የዘማሪው ነጻነት ከዚህ ላይ ነበር፤ አደጋውም ከዚሁ ላይ።

ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ተሾመ። የመንበሩ ቁልፍ ወደ አገር ተመለሰ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቍጥር 31 ወጣና የደብተራው ድርሻ ከቤተ ክርስቲያኒቱ መሬት ሁሉ ጋር ቀረ። ይህን አዋጅ በአንድ ዓይን ብቻ መመልከት አይቻልም። በሰው መሬት ላይ ሲለፋ የኖረው ገባር የልፋቱን ፍሬ አገኘ፤ የሌሊቱን ማኅሌት ለድኻ አሸክሞ መሬት ሲበላ የነበረው ጌታም ቀረ። ደብተራው ግን በገበሬ ማኅበር ውስጥ እንደ ማንኛውም ገበሬ ማሳ ሲደርሰው፣ ማሳው ከማኅሌቱ ጋር የነበረው ግንኙነት ተቆረጠ። ቀድሞ ማኅሌት ቆሞ በማደሩ መሬት ይበላ ነበር። ዛሬ ማኅሌት ቆሞ በማደሩ ከመሬቱ ይርቃል።

በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤ ይህን ክፍተት እንዲሞላ ታሰበ። ምእመናን አስተዋጽኦ ያዋጣሉ፤ ከዚያም ለአገልጋይ ይከፈላል። በከተማው አጥቢያ ምእመኑ ብዙ፣ ንግዱም ያለ ስለ ሆነ ደመወዝ የሚባል ነገር ይኖራል። በገጠሩ ግን አስተዋጽኦውም እንደ ዝናሙ ነው፤ ማሽላው በከፋበት ዓመት አገልጋዩም ከፋይም አብረው ይራባሉ። ስለዚህ ጥሩ ድምፅና ጥሩ ትምህርት ያለው ወጣት ከገጠሩ ወደ መርሳ፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ፣ ከወልድያም በአውራ ጎዳናው ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ ቢሄድ የሚወቅሰው ማን ነው? የሚቀረው ሽማግሌው መሪጌታና ከእርሱ የሚማር አንድ ወይም ሁለት ልጅ ነው። በተሰበሰበው ሕዝብ ዘንድ ክብሩ አልቀነሰም፤ በበዓል ቀን ጠበል ጸዲቁ ሲዘረጋ ዛሬም ከላይ ይቀመጣል፤ ሲናገርም ይደመጣል። በማግስቱ ወንጭፉን ይዞ ማማው ላይ ነው።

ነህምያ መዘምራኑን በእርሻቸው ባገኛቸው ጊዜ ስለ ሸሹ አልገሠጻቸውም። የገሠጸው ሹማምንቱን ነበር፤ የእግዚአብሔር ቤት ስለ ምን ተተወ? ብሎ። ከዚያም መዘምራኑን ሰብስቦ በየስፍራቸው አቆማቸው፤ ሕዝቡም የእህሉን፣ የወይኑንና የዘይቱን አሥራት አመጣ፤ ለወንድሞቻቸው እንዲያካፍሉ የታመኑ ሰዎች በዕቃ ቤቱ ላይ ተሾሙ (13፥11–13)። የሾማቸው በስም የታወቁ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ካህን፣ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱም ሌዋዊ ነው።

በወርኃ ጽጌ ውስጥ ያሉት እሑዶች ስድስት ያህል ናቸው። የየጁ ገበሬ ለአረምና ለአጨዳ ወንፈልና ደቦ ያውቃል፤ ጎረቤቱ ቢታመም እህሉን ያነሣለታል። የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ከመስከረም 26 ቀን በፊት ተቀምጠው፣ በእነዚያ ስድስት ንጋቶች የመሪጌታው ማሳ ላይ የሚቆም ወንጭፍ ያለው ልጅ ከየትኛው ቤት እንደሚወጣ በተራ ቢጽፉ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት ነው።